ለአየርላንዳዊው የተሸከምኩት ድንጋይ

«ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል» ይባላል። አያደርግም። እኔን ያደረገኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ምግብ ቤት ውስጥ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የተንበረከከ ጎልማሳ ነው። ሙሉ ሰዎቹ ከበውኝ ቆመው ነበር። አብዛኞቹ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ካጠኑት ወዲህ ምንም አላነበቡም። ፊታቸው ወዝ አለው፣ እንቅልፋቸው ጥሩ ነው፣ ደራሲ አይፈሩም።

እኔ እፈራለሁ። ይህንንም የምጽፈው እየፈራሁ ነው። ምክንያቱን ስንደርስበት ታዩታላችሁ።

እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ የእኛ ሰው በሰፈረበት ፌርፋክስ ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ ማዕረግ አለው። አንዱ የኢሚግሬሽን ፎርም መሙላት ያውቃል፤ አንዱ ያረጀ መኪና ሲያስል ሰምቶ በሽታውን ይናገራል፤ አንዷ ያልተገኘችበት ሠርግ እንደ ሠርግ አይቆጠርም። የእኔ ማዕረግ «ያነበበ ሰው» ነው። ሌላ የለኝም። መልክ አልተሰጠኝም፣ ድምፄ ለመዝሙር አይሆንም፣ ድራይቭ ሳደርግ አብሮኝ የሚሳፈር ሰው ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ይፈትሻል። ስለዚህ ያችን ማዕረግ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃታለሁ። ዘዴውም ቀላል ነው። ሰው የወደደውን መጽሐፍ እጠላለሁ፤ ሰው የጠላውን እወዳለሁ፤ ሰው ያልሰማውን ደግሞ «ድሮ ነው ያነበብኩት» እላለሁ። በዚህ ዘዴ፣ በምግብ ቤቶች በር ላይ በነጻ በሚቀመጥ አንድ ወርሃዊ ጋዜጣ ላይ ለዓመታት ዓምደኛ ሆኜ ኖርኩ። ሰው ጋዜጣውን የሚያነሳው ለማስታወቂያው እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ማስታወቂያ የሚፈልግ ዓይን በእኔ ዓምድ ላይ ማለፉ አይቀርም ብዬ እጽናና ነበር።

ጉዱ ከመፈንዳቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አሜሪካኖቹ ስለ አንድ አየርላንዳዊ ደራሲ ማውራት ጀመሩ። ልብ ወለድ ይጽፋል፣ ተውኔት ይጽፋል፣ የልጆች መጽሐፍ ሁሉ ሳይቀር ይጽፋል። «አንዱ ሥራው ሌላውን አይመስልም፤ በየመጽሐፉ አዲስ ሰው ነው» ብለው አበዱ። ሁሉም ካለማ እኔ ተቃራኒውን ማለት አለብኝ። ሁለት ልብ ወለዶቹን ካገለገሉ መጻሕፍት መደብር ገዛሁ። አንደኛው «የማይሸጠው መስኮት» ይላል፤ ሁለተኛው «ባሕር የሚያይ ቤት»። የመጀመሪያውን እስከ ገጽ አርባ አነበብኩ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ ወንድሟ ባሕር ዳር ያለውን ቤቷን ካላሸጥኩሽ ብሎ ይጨቀጭቃታል፤ አንድ ዓይኑ የጠፋ ውሻ አላት። ጥሩ። ሁለተኛውንም እስከዚያው ገጽ በዓይኔ ገረፍ አደረግሁት። ባሏ የሞተባት ሴት! ወንድሟ! ባሕር ዳር ያለ ቤት! አንድ ዓይኑ የጠፋ ውሻ፣ ያውም በዚያው ስሙ!

ደሜ ፈላ። ሰውየው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ጽፎ ዓለምን ሁሉ አታሏል፤ ከእኔ በቀር ያየው የለም። ሌላው ሰው ለምን እንዳላየው ራሴን አልጠየቅሁም። ሐያሲ ራሱን መጠየቅ ከጀመረ ዓምዱን በሰዓቱ አያስረክብም።

ጻፍኩ። ርዕሱን «ያው ሽሮ በሌላ ሳህን» አልኩት። «የውሻውን ስም እንኳ ለመቀየር የሰነፈ ደራሲ» አልኩ። «ድፍረቱ ከችሎታው ይበልጣል» አልኩ። ከጽሑፉ መሐል የሰውየውን ፎቶግራፍ ትልቅ አድርገው አወጡት፤ ከጎኑ ደግሞ የጸዳለ ምግብ ቤት ማስታወቂያ ነበር። ጸዳለ ማስታወቂያዋ በቀለም ስለወጣላት ደስ ብሏት ገጹን እንዳለ ፍሬም አስገብታ ከእጅ መታጠቢያው በላይ ሰቀለችው። ለሁለት ዓመት ሰው ሁሉ የአየርላንዳዊውን ፊት እያየ እጁን ታጠበ። አንዳንዱ የጸዳለ ባል ይመስለው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ መኮንን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር፣ የሰፈራችን ሽማግሌ። የተጣላ ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚታረቀው።

«ሃሎ፤ ቁጭ በል» አሉኝ።

በእኛ አገር «ቁጭ በል» የሚባለው መርዶ ሲመጣ ነው። «ማን ሞተ፣ ጋሼ?»

«ማንም አልሞተም። ሰውየህ ቅዳሜ ለምሳ ይመጣል።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ያ ሽሮ ያልከው።»

ያኔ መርዶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሟች ሁሉ እየመረጥኩ አሰብኩ።

ነገሩ የመጣው በእትዬ አስካለ በኩል ነው። እትዬ አስካለ ስድሳዎቹን የተሻገሩ፣ ከከተማው ጎን ባለችው በርባንክ ውስጥ በአንድ ትንሽ ቲያትር ቤት ፓርኪንግ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ከነወንበሩ ብቻ በሚያስገባ የመስታወት ቡዝ ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት ይቆርጣሉ፤ መኪና በሌለ ጊዜ ያነባሉ። የአየርላንዳዊው ተውኔት እዚያ ቲያትር ቤት ሊታይ ነው፤ እሱም ልምምዱን ለማየት መጥቷል። መኪናውን ፓርክ አድርጎ ቲኬቱን ሊቀበል ሲጎነበስ እትዬ አስካለ ጭን ላይ የራሱን መጽሐፍ አየ። ወሬ ተጀመረ። «የት ነው ጥሩ ምግብ የሚበላው?» አላቸው። እሳቸውም «እኛ ሰፈር ና፤ ፎቶህ እንኳ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል» አሉት።

ፎቶህ ተሰቅሏል! ሰውየው ከአየርላንድ ድረስ መጥቶ፣ በማያውቀው ፊደል ተከቦ፣ የገዛ ፊቱን ግድግዳ ላይ ሲያይ ምን ብሎ ይጠይቃል? «ምን ይላል?» ነው የሚለው። እኔም ብሆን የምለው እሱኑ ነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍርሃት ገባብኝ። ያ ፍሬም ከቅዳሜ በፊት መውረድ አለበት አልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ምግብ ቤቱ ሰው ሳይገባበት ፍሬሙን ላወርድ ሄድኩ። በጓሮ በር ገባሁ፤ ጸዳለ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች። ወንበር ላይ ወጣሁ። ፍሬሙ በአራት ብሎን ታስሯል። ከጠረጴዛ ላይ አንድ የቅቤ ቢላዋ አንስቼ የመጀመሪያውን ብሎን ማዞር ስጀምር ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

ዞር ስል ጸዳለ የሽንኩርት ቢላዋዋን እንደያዘች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቆማለች። በሽንኩርቱ እንደሆነ ባውቅም ደነገጥኩ።

«አቧራ ላራግፍልሽ ብዬ ነው።»

«በቢላዋ?»

«የጠነከረ አቧራ ነው።»

«ውረድ፤ ወንበሬን ትሰብራለህ። ሶ፣ ምን ብለህ ነው የጻፍከው? እኔ እኮ አላነበብኩትም፤ የእኔን ሎጎ ነው ያየሁት።»

ለሁለት ዓመት ሰቅላው አላነበበችውም። ከወንበሩ ሳልወርድ ነገርኳት። ያኔ የፊቷ ቀለም ተለወጠ። «እንግዳ በቤቴ ግድግዳ ላይ ሰድበህ? ሰው እጁን የሚታጠብበት ላይ? እኔ እንግዳ የማጎርስ ሴትዮ!»

«ስለዚህ እናውርደው።»

«አስካለ ነግራዋለች እኮ! ፎቶዬ የታለ ሲል ምን ልበለው? ደግሞ የግድግዳውን ቀለም እየው፤ ብናወርደው ቦታው ነጭ ሆኖ ይታያል። የተሰረቀ ነው የሚመስለው። አይወርድም።»

ስልኳን አንስታ ጋሼ መኮንን ጋ ደወለች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች በቫይበር ተመካክረው ፍርዱን አስታወቁኝ። እንግዳው ተሰድቧል፤ ሰዳቢው ይታወቃል፤ ስለዚህ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ተንበርክኬ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ጋሼ፣ ሰውየው መሰደቡን እኮ አያውቅም!»

«አለማወቁ ስድቡን ይሽረዋል?»

«ካልነገርነው በምን ያውቃል?»

«እኮ ይቅርታ ስትጠይቀው ያውቃል።»

«ሳያውቅ ቢቀርስ?»

«ልጄ፣ ሰውን ፊቱ ላይ መስደብ ስድብ ነው። በሌለበት መስደብ ሐሜት ነው። በሌለበት ሰድቦ ፎቶውን መስቀል ምን እንደሚባል እኔ በሽምግልና ዘመኔ ገጥሞኝ አያውቅም። ድንጋዩን እኔ አመጣለሁ።»

ሽማግሌ ሁሉ ሰላም ያወርዳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን መጀመሪያ ጠቡን ራሱ ያዋልደዋል።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀረኝ። ጋዜጣው አማርኛ ነው፤ ሰውየው ጽሑፉን የሚሰማው በተርጓሚ አፍ ነው። ጋሼ መኮንን ደግሞ «ተከሳሽ ራሱን አይተረጉምም» ብለው ሥራውን ለእትዬ አስካለ ሰጥተዋል። ሐሙስ ዕለት በርባንክ ሄድኩ። ቡዟ ውስጥ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ያነባሉ። እግራቸው ሥር መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ ሁሉም የእሱ።

«እትዬ አስካለ፣ ይህን ሁሉ እርስዎ አንብበውት ነው?»

«ምን ላድርግ? ቲቪ አያስከፍቱኝም» አሉ። ከዚያ ስለ ዘመዶቻቸው እንደሚያወሩ አወሩልኝ። አንዱ ኳስ ሜዳ ሣር የሚያጭድ ሰውዬ ታሪክ ነው፤ በጣም ያስቃል። አንዱ ውስጥ መርማሪው ራሱ ሌባ ነው፤ እሱን ምሳቸውን ረስተው ጨርሰውታል። አንዱ ተውኔት፣ ሁለት አሮጊቶች አውቶቡስ ሲጠብቁ ነው፤ አውቶቡሱ ሲመጣ አይሳፈሩም። «የልጆቹ ደግሞ ውኃ የምትፈራ ዝይ ናት። ለልጅ ልጄ ብዬ ወስጄ እኔው አለቀስኩበት። አቤት ይሄ ሰውዬ፤ አንዱ ካንዱ አይገጥም እኮ!»

«ሁለቱ ግን ይገጥማሉ» አልኩ፤ የሐያሲ ክብሬ እየተነሳብኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው፤ ሴትየዋን፣ ቤቱን፣ ውሻውን።

እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው ሁለቱን መጻሕፍት አወጡ። ከሽፋኑ ቀጥላ ያለችውን፣ ሰው የማያነባትን ገጽ ገለጡና በጣታቸው አመለከቱኝ። በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ይህ መጽሐፍ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ «የማይሸጠው መስኮት» በሚል ርዕስ ታትሟል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን «ባሕር የሚያይ ቤት» ተብሏል።

አንድ መጽሐፍ ነው። አንዱን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ገዝቼ፣ ሁለት ጊዜ ጀምሬ፣ ሁለት ጊዜ ትቼ፣ ራሱን መሰለ ብዬ ከስሼዋለሁ።

ከኋላ አንድ መኪና ክላክስ አደረገ። ጥሩምባዋን የምትነፋ መርከብ ብትመጣም አልንቀሳቀስም ነበር።

«እትዬ አስካለ» አልኩ፣ «ቅዳሜ ሲተረጉሙ ያችን የውሻውን ስም ያነሳሁባትን አንቀጽ ቢዘሏት? እርስዎን ማን ያውቅብዎታል?»

መጽሐፉን ከደኑት። «እኔ ለስንቱ ሰው ሆስፒታል ሄጄ ተርጉሜያለሁ መሰለህ? ሐኪሙ የሚለውን አንድ ቃል ባሳንስ ሰው ይሞታል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ‹ለባሌ ሕመሙን አትንገሪው› ብላኝ እንኳ ነግሬዋለሁ፤ አልቅሶ አመስግኖኛል። አልዘልም፣ አልጨምርም። ይልቅ እንካ» ብለው አንዱን መጽሐፍ በመስታወቱ ቀዳዳ ሰጡኝ። «ሁለት ቀን አለህ። ቢያንስ የሰደብከውን አንብበው።»

ዓርብን በፍርሃት አነበብኩ። ፍርሃት ጥሩ መነጽር ነው፤ አንድ ነጠላ ሰረዝ አያሳልፍም። ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ እኔ በተውኩበት ማግስት ማለት ነው፣ ሴትየዋ ውሻውን ይዛ ወንድሟ ቤት ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ እኔ እንኳ የለሁም፤ ምሳ የለም፣ ስልክ የለም። ከገጽ አርባ ወዲያ ይህን የሚያህል አገር እንዳለ ማንም አልነገረኝም ነበር። ስጨርሰው ፍርሃቴ ባሰበት። እስከዚያ የፈራሁት የማላከብረውን ሰው ነበር፤ አሁን የማከብረውን ሰው ነው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን። ደራሲው ደረሰ። አጭር ነው፣ ጆሮው ትልልቅ ነው፤ በዚያ የሎስ አንጀለስ ፀሐይ የዝናብ ጃኬት ለብሷል። እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ፎቶውን አየ። ፊቱ እንደ ሕፃን በራ። ከነሳሙናው ስልኩን አወጣና ከራሱ ጋር ሰልፊ ተነሳ። «እናቴ ይህን ብታይ!» አለ። እናቱን ሲያነሳ እኔ ከማቀዝቀዣው ጎን ተለጠፍኩ።

ከዚያ ዞር አለና ያንን ጥያቄ ጠየቀ። «ምን ይላል?»

ጋሼ መኮንን ተነሱ፤ ኮታቸውን ቆለፉ፤ ከጠረጴዛ ሥር አንድ የግሮሰሪ ከረጢት ጎተቱ። ድንጋዩ ከቤታቸው ደጅ ከቁልቋሉ ሥር የተነሳ ነው፤ አፈሩ እንኳ አልተራገፈም። እኔ በሐሳቤ የጠበቅሁት የቡጢ ያህል ነበር። የበግ ጭንቅላት ያክላል።

«ጋሼ፣ ወገቤን ያመኛል እኮ።»

«ስትሰድብ አላመመህም። ተንበርከክ።»

ተንበረከክሁ፤ ድንጋዩን ማጅራቴ ላይ ጫኑብኝ። ደራሲው ይህን ሲያይ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳና ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። እሱ ያየው፣ ፎቶውን የሰቀሉ የማያውቃቸው ሰዎች ከረጢት ውስጥ ድንጋይ አውጥተው በሩን ከበው ሲቆሙ ነው። ነጭ የነበረው ሰውዬ ይብሱን ነጣ። ለጥቂት ጊዜ እዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉ አብልጠው የፈሩት ሁለት ሰዎች እኔና እሱ ነበርን፤ ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ወንድሜ መሰለኝ።

እትዬ አስካለ እጁን ይዘው አስቀመጡት፤ ወጉን አስረዱት፤ ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳው ሥር ቆሙና ጽሑፌን በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመሩ። አልዘለሉም፤ አልጨመሩም። ጽሑፌ ረጅም መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሐያሲ ሁሉ ጽሑፉን ከማሳተሙ በፊት ድንጋይ ተሸክሞ ቢሰማው ብዙ ቅጽል ይቆጥብ ነበር። «ድፍረቱ ከችሎታው ይበልጣል» ሲሉ አንድ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። የውሻውን ስም ሲደርሱ እትዬ አስካለ ቆም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ሁለቱንም ርዕስ አንድ በአንድ አነበቡ።

ደራሲው ከመቀመጫው ወርዶ ከፊቴ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ስንተኛው ገጽ ላይ ነው የተውከው?» አለኝ።

ሁሉም ሰው ሰማ። መዋሸት እችል ነበር፤ ትናንት ጨርሼዋለሁ። «ያነበበ ሰው» የምትለው ማዕረጌ በአንዲት ቁጥር ላይ ተንጠልጥላለች። እትዬ አስካለን አየኋቸው። እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ።

«አርባ» አልኩ። «ከሁለቱም አርባ አርባ።»

የጸዳለ ሳቅ ከወጥ ቤት ድረስ ተሰማ። ከጀርባዬ አንድ ሰው «ሰማንያ አንብቧል በላ!» አለ።

«ግን ትናንት ጨረስኩት» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«መስኮቱን መጨረሻ ላይ ምን ታደርገዋለች?»

«በገዛ እጇ በጡብ ትደፍነዋለች» አልኩ፣ «ባሕር የማያይ ቤት ማንም እንዳይገዛት። ከዚያ ጨለማው ውስጥ ወንበሯን አምጥታ፣ መስኮቱ በነበረበት በኩል ፊቷን አዙራ ትቀመጣለች።» ይህን ስል ድምፄ ተሰበረ። በድንጋዩ ምክንያት ነው ያለ ሰው አለ፤ አልተቃወምኩም።

ደራሲው መሳቅ ጀመረ፤ እንባው እስኪወርድ። ርዕሱን የቀየሩት አሳታሚዎቹ እንደሆኑ፣ የገዛ እናቱ ሁለቱንም ገዝታ «ምነው አዲስ ነገር አጣህ?» ብላው እንደነበር ነገረን። በዚህ በኩል እኔና እናቱ አንድ ዓይነት ሐያሲዎች ነን። ድንጋዩን ሊያወርድልኝ እጁን ሲዘረጋ ግን ጋሼ መኮንን ያዙት።

«ቆይ! መጀመሪያ ይቅር ብያለሁ ይበል።»

ደራሲው አሰበ። እጁን ከድንጋዩ ላይ አነሳና ወደ ጃኬቱ ኪስ ሰደደው። ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። ያችን ደብተር ሳይ፣ ድንጋዩን ሳይ ያልደነገጥኩትን ደነገጥኩ።

«ይቅር እላለሁ» አለ፤ «ግን ይህን ልጽፈው ይፈቅድልኛል?»

«ይጻፍ!» አሉ ጋሼ መኮንን።

«ይጻፍ!» አለ ቤቱ ሁሉ።

«እኔ ልጠየቅ እንጂ...» አልኩ።

«ድንጋዩ ይቆይ ወይስ ይውረድ?» አሉኝ ጋሼ። ማጅራት የራሱ ፖለቲካ አለው። «ይጻፍ» አልኩ። ይቅር ተባልኩ፤ ድንጋዩ ወረደ፤ አንድ ገበታ ላይ ተቀመጥን። ጸዳለ አስገድዳኝ ሳጎርሰው ግማሹ ጃኬቱ ላይ ቀረ። እሱ በግራ እጁ ይጽፋል።

ከዚያ ወዲህ ፌርፋክስ ላይ ስሜ «አርባ ገጽ» ነው። እሱንስ ለምጄዋለሁ። የማልለምደው ሌላውን ነው። እትዬ አስካለ አንዳንዴ በቫይበር ይጽፉልኛል። «ሰውየው የድንጋዩን ክብደት ይጠይቃል።» «ፀጉርህ ያኔ ስንት ነበር ይላል።» «በቢላዋ ብሎን ስለፈታህባት ጠዋት ጸዳለ ነግራዋለች፤ በጣም ወዶታል።» ልብ ወለድ ይሁን ተውኔት አላውቅም፤ አንዱ ሥራው ሌላውን ስለማይመስል መገመትም አይቻልም። ጠዋት ስነሳ የመጽሐፍ መደብር መስታወት እፈራለሁ። የአውቶቡስ ማስታወቂያ እፈራለሁ። ጆሮው ትልቅ የሆነ ሰው ሁሉ እፈራለሁ።

መውጣቱ አይቀርም። ሲወጣም የሰውየውን አሳታሚዎች አውቃቸዋለሁና ለንደን በአንድ ስም፣ አሜሪካ በሌላ ስም ይሆናል። ሁለቱንም አትግዙ።